ጨረታውን ማን አሸነፈ? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?

ነገሩን ከሩቅ ከምናመጣው ከዚሁ ከጉዱማሌ ብንጀምረው ይሻላል። በፊቼ ጨምባላላ ሰሞን ሐዋሳን የረገጠ ሰው ጉዱማሌን ያውቀዋል። ሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ በዚያን ዕለት ከየወረዳው በሚተም ሕዝብ ግጥም ይላል። በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከመዘገበው ወዲህ ደግሞ እንግዳው በዝቷል። ይህን ያህል ሕዝብ ባለበት መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃ ነው። እንበልና ማዘጋጃ ቤቱ ከሜዳው አጠገብ አንድ ቦኖ አቁሞ ሥራውን ለግለሰብ በጨረታ ሊሰጥ አሰበ። አንድ ብቻ። ሁለት ነጋዴ እየተፎካከረ ሁለት ቧንቧ ጎን ለጎን ይቅበር ቢባል ገንዘብ መቅበር ነውና ማንም ጤነኛ አያደርገውም።

ሁለት ተጫራቾች መጡ እንበል። አንደኛው «ለማዘጋጃ ቤቱ በዓመት 300 ሺህ ብር ገቢ አደርጋለሁ» አለ። ሁለተኛው «ለማዘጋጃ ቤቱ የምሰጠው ስባሪ ሳንቲም የለኝም፤ ጀሪካኑን ግን በ3 ብር እሸጣለሁ» አለ። አንባቢ ሆይ፣ የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ አንተ ብትሆን ለማን ትፈርማለህ?

ባለሥልጣኖቻችንን እናውቃቸዋለንና መልሱን እንንገርህ። ለ300 ሺሁ ይፈረማል። ፎቶ ይነሣል፣ ይጨበጨባል፣ «ከተማችን ይህን ያህል ገቢ አገኘች» ተብሎ በዜና ይነገራል። ማንም የማይጠይቀው ግን ሰውየው 300 ሺሁን ከየት ያመጣዋል የሚለውን ነው። ከአባቱ ውርስ አያመጣውም። በዓመት 60 ሺህ ጀሪካን ቢሸጥ በእያንዳንዱ ጀሪካን ላይ 5 ብር መጨመር አለበት፤ ያኔ ነው ዕዳው የሚወርድለት። ያቺ ጀሪካን ተሸክማ የምትሰለፍ እናት ማዘጋጃ ቤቱ «አገኘሁ» ያለውን ብር በየቀኑ በ5 በ5 ብር ትከፍላለች። ግብር ነው፤ ስሙ ብቻ ግብር አይባልም። ደረሰኝም የለውም።

በአገራችን የሚካሄዱት ትልልቆቹ የፈቃድ ጨረታዎች ከዚህች ቦኖ የሚለዩት በዜሮዎቹ ብዛት ብቻ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ውሃ፣ ኮሬንቲ፣ ባቡር፣ አንድ መስመር ከተዘረጋ በኋላ ሁለተኛውን መዘርጋት ኪሳራ የሚሆንባቸው ሥራዎች ናቸው። ምሁራኑ «የተፈጥሮ ሞኖፖል» ይሏቸዋል። ባለሞኖፖሉን ልጓም እንዴት እናግባው ለሚለው ጥያቄ ኤድዊን ቻድዊክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1859 (እ.ኤ.አ.) አንድ መልስ ሰጥቶ ነበር። ሜዳው ውስጥ ውድድር ካልተቻለ ለሜዳው ይወዳደሩ፤ ማለትም ፈቃዱን ለማግኘት ይጋጠሙና ያሸነፈው ብቻውን ይሥራ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1968 አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሐሮልድ ዴምሴትዝ ይህንኑ አንሥቶ ጨረታው በትክክል ከተካሄደ ዋጋ የሚተምን የመንግሥት ቢሮ ምን ያደርጋል እስከማለት ደረሰ። ልብ በሉ፤ ዴምሴትዝ ያለው ጨረታ ለሕዝቡ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠው የሚያሸንፍበትን ነው። ለመንግሥት ካዝና ብዙ የሚያፈሰው የሚያሸንፍበት ጨረታ ሌላ ነገር ነው። ያኛው የሞኖፖሉን ትርፍ አይቀንሰውም፤ ባለሞኖፖሉና መንግሥት እንዲካፈሉት ያደርጋል እንጂ። በእኛ አገር ሁለቱ አንድ ተደርገው ይወራሉ። «ግልጽ ጨረታ ነው» ከተባለ በቃ፣ ሁሉም ነገር ንጹሕ ይመስላል።

አሁን ወደ ትልቁ ጨረታ እንምጣ። የቴሌኮሙ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1148 ወጣ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ሁለት አዲስ ፈቃዶች ለጨረታ ቀረቡ። ዓለም ይረባረባል ተብሎ የተጠበቀውን ያህል አልተረባረበም፤ ዋጋ ይዘው የቀረቡት ሁለት ብቻ ሆኑ። አንደኛው ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዙ ሲዲሲ ግሩፕ የቆሙበት ጥምረት ሲሆን 850 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር አለ። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለመጀመሪያው ፈቃዱን አጸደቀ። ሁለተኛው «አነሰ» ተብሎ ተመለሰ።

ዜናውን ያነበበ ሁሉ የሚያስታውሰው ቁጥር 850 ሚሊዮኑን ነው። በወቅቱ ምንዛሪ 36 ቢሊዮን ብር ገደማ መሆኑ ነው። ቀጥሎ የተሰማው በአሥር ዓመት ይፈሳል የተባለው 8 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለመሆኑ የስልክ ደቂቃው ስንት ይሁን ተብሎ የተወዳደረ ነበር? አንድ ጊጋ ዳታ ለገጠሩ ሰው በስንት ሊቀርብ ነው ተብሎ ኤንቬሎፕ የተከፈተበትን ዕለት የሚያስታውስ አለ? እኛ አናስታውስም። በአደባባይ የተነገረን መንግሥት የሚያገኘው ነው፤ ሕዝብ የሚከፍለው አልተነገረንም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። የኤምቲኤን 600 ሚሊዮን «አነሰ» ተብሎ ሲመለስ ያነሰው ለማን ነው? ለገንዘብ ሚኒስቴር አንሶ ይሆናል። ለባለ ሞባይሉ ግን አንድ ተፎካካሪ ኦፕሬተር ነበር የተመለሰበት። ቴሌኮም እንደ ውሃ ቧንቧ አይደለም፤ ሦስት አራት ኦፕሬተሮች ጎን ለጎን የሚሠሩባቸው አገሮች እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ሞልተዋል። ሦስተኛው ቢገባ ዋጋ የበለጠ በወረደ ነበር፤ ዋጋ ይወርዳል ተብሎ ከተፈራ ደግሞ የፈቃዱ ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ ካዝናው እንዲሞላ ሜዳው መጥበብ ነበረበት። የካዝናውና የሕዝቡ ጥቅም ፊት ለፊት ሲጋጭ እንዲህ በግልጽ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አንድም ሹም ሲናገረው ግን አልሰማንም። ሰኔ 2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ፈቃድ እንደገና ለጨረታ ወጣ። ሦስተኛ ኦፕሬተር ግን አልመጣም። በመጀመሪያው ቀን በእጅ የነበረው 600 ሚሊዮንም፣ ተፎካካሪውም ሳይገኙ ቀሩ።

ሐቁን ለመናገር አዲሱ ኩባንያ መግባቱ ምንም አልፈየደም አንልም። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ሙከራውን ሲጀምር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የመንግሥት ብቸኝነት ተሰብሯል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሌላም ቀን እናስታውስ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ገና አንድም ተፎካካሪ ሳይመጣ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅ ታሪፉን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱን 43 በመቶ ቀነሰ። እሰየው ብለናል። ግን እንዴ! ከነሐሴ አንድ ቀን በፊት የነበረው ዋጋ ታዲያ ምን ነበር? በአንድ ብዕር 40 በመቶ የሚቀነስ ዋጋ ለዓመታት ማን ተመነው፣ ማንስ አየው፣ ማንስ ተጠየቀበት? ባለሞኖፖል የራሱን ዋጋ ራሱ ሲተምን እንዲህ ነው። ሲያሻው ይቀንሳል፣ ሲያሻው ይሰቅላል፤ ሁለቱንም በመግለጫ ነው የምንሰማው።

ብቻውን እንዲሠራ ፈቃድ መስጠት በዚህ አገር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ሲሰጡ ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። ተፎካካሪ መስመር እንዳይሠራም ውሉ ይከለክል ነበር። ጨረታ የለ፣ ተወዳዳሪ የለ። ገንዘቡ የፈረንሳይ ሆነና ኩባንያው ድሬዳዋ ደርሶ ከሰረ፣ በሌላ ተተካ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ 23 ዓመት አልፎ ነበር። ነጋዴውም ቡናውን ወደ ጅቡቲ ለማውረድ ባቡሩ የጠየቀውን ከመክፈል በቀር አማራጭ አልነበረውም። በምኒልክ ግን አንፈርድም። በዚያ ዘመን በዙሪያቸው የከበቡትን ኃያላን እያባበሉ አገር ማቆየት ነበረባቸው። የዛሬዎቹ ሹማምንት ምን ምክንያት አላቸው?

የትምባሆውን ነገር በዚሁ እንንካው፤ አጭር ነው። ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት በሕግ ብቻውን የሚሠራ ድርጅት ሳለ በ2008 ዓ.ም. 40 በመቶ ድርሻው ለጨረታ ቀርቦ የጃፓኑ ጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 434 ሚሊዮን ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰ። ያን ያህል ዶላር የተከፈለው ለፋብሪካው ጡብና ለማሽኑ ብቻ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ። የተሸጠው ብቸኝነቱ ነው። አጫሹ ቢከፍል ግድ የለም የሚሉ አሉ፤ ይሁን፣ ሲጃራ ነው። ነገ በዚሁ ስሌት ኮሬንቲውና ውሃው ሲቀርብ ግን ተውት የሚባል አይሆንም። ሲጃራ ይተዋል፤ ውሃ አይተውም።

መንግሥታችን በዝቅተኛ ዋጋ ማጫረት የማያውቅ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ያውቃል። በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ክልል ጋድ የተባሉ ቦታዎች ላይ ለሚተከሉ ሁለት የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች ጨረታ ሲያወጣ መመዘኛው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኮሬንቲ በስንት ትሸጡልናላችሁ የሚል ነበር። የሳውዲው አክዋ ፓወር በ2 ነጥብ 526 የአሜሪካ ሳንቲም አሸነፈ። ለ20 ዓመት የሚቆይ ዋጋ ነው። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ከተሰሙት እጅግ ርካሽ ዋጋዎች አንዱ ነበር። ማን ገዢ እንደነበር ግን አስተውሉ። ገዢው ራሱ መንግሥት ነበር። ራሱ ሲገዛ በዝቅተኛ ዋጋ ያጫርታል፤ እኛ ስንገዛ በከፍተኛ የፈቃድ ክፍያ ያጫርታል። ይህ የዕውቀት ማነስ ነው ብሎ የሚያምን የዋህ ካለ ይመን።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችንም ወገን ያልጣመ እውነት እንናገር። ጣቢያዎቹ በታሰበው ጊዜ ተሠርተው ኮሬንቲ አልሰጡም። ዋጋን ዝቅ አድርጎ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፣ ዋጋውን ይዞ ሥራውን መሥራት ሌላ ነው። የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ ይህን በሚገባ ታስተምራለች። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የከተማዋ ውሃ ለሁለት ተከፍሎ በትክክለኛው መንገድ፣ ማለትም በዝቅተኛ ታሪፍ ለጨረታ ቀረበ። የምሥራቁን ያሸነፈው ቀድሞ ከነበረው ታሪፍ 26 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ጠየቀ፤ የምዕራቡ 56 ነጥብ 6 በመቶ። ሕዝቡ ጨፈረ። ወዲያው በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ መጣና የፊሊፒንስ ፔሶ ወደቀ። የቀድሞውን ድርጅት የውጭ ዕዳ በብዛት የተሸከመው የምዕራቡ ኩባንያ መክፈል አቃተው፤ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። የምሥራቁም ቢሆን ታሪፉ ይከለስልኝ እያለ ከዓመት ዓመት ጨረታውን ካሸነፈበት ዋጋ እጅግ ርቆ ሄደ። አንዴ ቧንቧው በእጁ ከገባ በኋላ «ዋጋ ካልጨመራችሁ ጥዬ እሄዳለሁ» ለሚል ኩባንያ አንድ ከተማ ምን ትመልሳለች? የቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ደግሞ ከዚህ የከፋ አየች። በ1999 አንድ ተጫራች ብቻ ቀርቦ የ40 ዓመት ውል ተሰጠው፤ ታሪፉ ሲሰቀል ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ደም ፈሰሰ፣ በሚያዝያ 2000 ውሉ ተቀደደ።

ስለዚህ ጨረታው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ውሉ ግን የ15 የ20 ዓመት። በ15 ዓመት ውስጥ ደግሞ በዚህ አገር ምን እንደሚሆን አንባቢ ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ አለፈ። በዶላር ዕቃ አስመጥቶ በብር የሚሸጥ ባለ ፈቃድ በዚያ ሰሞን የጨረታ ዋጋዬን አከብራለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ እናምነዋለን? አናምነውም። ጭማሪ ይጠይቃል፤ ምናልባትም እውነት ይኖረዋል። ጥያቄው ጭማሪው ሲጠየቅ ሒሳቡን የሚመረምረው ማን ነው የሚለው ነው። ዴምሴትዝ ተቆጣጣሪ አያስፈልግም ቢልም እኛ በዚህ አንስማማም። ጨረታ ያለ ተቆጣጣሪ ዳኛ የሌለው ግጥሚያ ነው።

ዳኛው ደግሞ ማን እንደሆነ እንየው። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የአንደኛው ተጫዋች የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ባለቤት መንግሥት ነው። የኮሬንቲውም ከዚህ አይርቅም። የድሮው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ አንዱ አመንጪ አንዱ አከፋፋይ ቢሆንም ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ታሪፉን አይቶ የሚያቀርበው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም የመንግሥት ነው፤ የሚያጸድቀው የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ያው ነው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ለአራት ዓመት በየደረጃው እንዲያድግ ተወሰነ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ መጣ። ጭማሪው አያስፈልግም ነበር የሚል ክርክር የለንም፤ በአሮጌ ታሪፍ አዲስ ትራንስፎርመር እንደማይገዛ ይገባናል። የምንለው፣ ሒሳቡን ይዞ ሕዝብ ፊት ቀርቦ «ይኸውላችሁ፣ ለማመንጨት ይህን ያህል፣ ለመስመር ይህን ያህል፣ በመንገድ ለሚባክነው ይህን ያህል» ያለን የለም ነው።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ለዚህ ቃል አላቸው። በሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያነሡ «አፊኒ?» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ጉዳዩን ሁሉም ሳይሰማው፣ ሳይመክርበት አይቋጭም። የእኛ ታሪፍና የእኛ ፈቃድ ግን «ሰማችሁ ወይ» የሚባልበት ጊዜ የለውም፤ ከተወሰነ በኋላ «ስሙ» ነው። ክልሉ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ራሱን ችሎ ሲቆም ብዙ ሰው ተስፋ ያደረገው ቢሮው ቅርብ ስለሚሆን ጥያቄውም ቅርብ ይሆናል ብሎ ነበር። ውሃው የከተማ ጉዳይ ነው፣ ታሪፉም እዚሁ ነው የሚወሰነው። እዚህ የማይቻል ነገር አዲስ አበባ ላይ ይቻላል ብሎ የሚጠብቅ አይኑር።

ለባለሥልጣኖቻችን የምንጠይቀው ጥቂት ነው። የመብራት ማከፋፈሉንም ሆነ የከተሞችን ውሃ ለግል ኩባንያ የመስጠት ሐሳብ ካላችሁ ኤንቬሎፑ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ለካዝናው የሚከፈለው አይሁን፤ ለኪዩቢክ ሜትርና ለኪሎዋት ሰዓት የሚጠየቀው ዋጋ ይሁን። የፈቃዱ ክፍያ ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ ወስናችሁ ለሁሉም እኩል አድርጉት፣ በእሱ አያጫርቱ። አንድ ተጫራች ብቻ ከቀረበ ጨረታው ይሰረዝ፤ ኮቻባምባን አስታውሱ። ዋጋው ሊጨምር የሚችለው በምን በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ብር ሲወርድ ጉዳቱን ማን ምን ያህል እንደሚሸከም በውሉ ላይ ይጻፍ። ውሉ ከፊርማው በፊት ይታተም። ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለፓርላማው ይሁን፤ ፓርላማው ምን ያህል ይጠይቃል የሚለው ሌላ ጣጣ ቢሆንም።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። የቴሌኮሙ ፈቃድ የተሰጠው ለ15 ዓመት ነው፤ በ2028 ዓ.ም. ይታደስ አይታደስ ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። በዚያን ቀን ማማዎቹንና ፋይበሩን የዘረጋው ኩባንያ ከማንኛውም አዲስ መጪ አሥር እርምጃ ቀድሞ ነው የሚቆመው፤ ልክ ቧንቧውን እንደያዘው ባለ ቦኖ። ንብረቱ በስንት ተገምቶ ለማን እንደሚተላለፍ ዛሬ ካልተጻፈ በ2028 የሚደረገው ድርድር ይባላል እንጂ ጨረታ አይባልም። ለዚያ ሰነድ ዝግጅቱ ከአሁኑ መጀመር አለበት፤ ሲያልቅም በሲዳሙ አፎም በአማርኛም በየከተማው ይነበብ። እዚህ ለማንበብ የሚመጣ ሹም ካለ ጉዱማሌ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሕዝቡም ይመጣል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ከወዲሁ እንንገረው፤ ጀሪካኑ ስንት ሊሆን ነው?